አስታማሚው ሳይታመም፦ ስትሮክ የመታውን ሰው ቤት ውስጥ ስታስታምሙ

አባቴን ስትሮክ ከመታው በኋላ ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ሁሉ ስለ እሱ ነበር። በላ? እጁን አነቃነቀ? መድኃኒቱን ዋጠ? እናቴን «አንቺስ?» ያላት ሰው አልነበረም። እኔም አላልኳትም።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮቴ ሰምቼ ተነሳሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። የታጠፈ አንሶላ አቅፋለች። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «አንሶላውን ልቀይርለት ነዋ።» አልጋው ላይ ያለው አንሶላ ግን ንጹሕ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት ራሷ ናት የቀየረችው። ጭራሽ አላስታወሰችም። ስነግራት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ።

እቤታችን ያለው በሽተኛ አንድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ይሄ መመሪያ ለሁለተኛው በሽተኛ ነው። ማስታመም ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ሰዓት አለው፣ ፈረቃ አለው፣ የሚለመድ ሙያ አለው። ብዙ ቤት ግን «ፍቅር ነው» ወይም «ግዴታዋ ነው» ይባልና ሁሉም ነገር አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይከመራል። ስትሮክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ድንገት ነው የሚመጣው። ጠዋት ራሱ መኪና ነድቶ የወጣ ሰው ማታ ሸሚዙን መቆለፍ ያቅተዋል። ቤተሰቡም በአንድ ሌሊት አስታማሚ ሆኖ ያድራል።

«ድካም ነው፣ ያልፋል» ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ አረጋውያንን ለአራት ዓመት ያህል ተከታትሏል። በማስታመሙ የተጨነቁት የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። እያስታመሙ ያልተጨነቁት ላይ ግን ይሄ ልዩነት አልታየም። እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ግኝት ነው። የሚጎዳው ማስታመሙ ሳይሆን ጭንቀቱ ከሆነ፣ ጭንቀቱን መቀነስ ይቻላል ማለት ነው።

1. ከሆስፒታል ሳትወጡ በእጃችሁ ሥሩት

አባቴ የወጣ ቀን ነርሷ ፈረቃ ልትቀይር ቸኩላ ነበር። አንድ ወረቀትና የመድኃኒት ማዘዣ ሰጠችን። «እንዲህ አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ» ብላ አንዴ አሳየችን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እቤት ስንደርስ ከመኪና ማውረድ እንኳ አቃተን።

ስለዚህ «አሳዩን» አትበሉ። «እኔ ልሥራው፣ እናንተ እዩኝ» በሉ። ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር፣ አልጋ ላይ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካለው መያዝ፤ እያንዳንዱን ቢያንስ ሁለቴ በእጃችሁ ሥሩት። ባለሙያዋ ከፈቀደች በስልካችሁ ቅረጹት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የምታሠለጥኑበት እሱ ነው።

እነዚህንም ጠይቃችሁ መልሱን ጻፉ፦

- መዋጥ መቻሉ ተፈትሿል? ቀጭን ፈሳሽ ይጠጣል ወይስ ፈሳሹ መወፈር አለበት?
- የደም ግፊቱ ስንት ሲገባ ነው የምንደውለው? ለማን?
- የትኛው መድኃኒት ነው በፍጹም መቋረጥ የሌለበት?
- ፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) መቼ፣ የት፣ በሳምንት ስንቴ?

አሁን ብዙ ሰው የማያደርገውን ልንገራችሁ። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱና እንደገና አስተምሩን በሉ። ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ አንድ የለንደን ጥናት፣ 300 ታማሚዎችና አስታማሚዎቻቸው ተካተው፣ በእጃቸው እየሠሩ የሠለጠኑት አስታማሚዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ጫናቸው ቀሎ ተገኘ። ሁሉም ተደሰተ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን በእንግሊዝ 36 የስትሮክ ክፍሎች ላይ ሲሞከር ለውጥ ጠፋ። ተመራማሪዎቹ ከገመቱት አንዱ፣ ከስትሮኩ ማግስት ያለው ጊዜ ለትምህርት የተመቸ ላይሆን ይችላል የሚል ነው። ይሄን ለማመን ጥናት አላስፈለገኝም። እኔ ያን ሳምንት የነገሩኝን ግማሹን አላስታውስም። ልብ ሲረጋጋ ነው ጥያቄው የሚመጣው።

2. ወገባችሁን አድኑ

አስታማሚን ቶሎ ከሥራ ውጪ የሚያደርገው ወገብ ነው። እናቴ በሁለተኛው ሳምንት ጎንበስ ብላ ቀረች። ለአምስት ቀን ቤቱ ሁለት አልጋ ያዥ ነበረው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ከአልጋ ወደ ወንበር ወይም ወደ ዊልቸር ስታዛውሩት፦

ወንበሩን ደህና በሆነው ጎኑ በኩል አልጋው ላይ አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ዊልቸር ከሆነ ፍሬኑን ያዙ፣ የእግር ማስቀመጫውን አንሱ። ፍሬን መርሳት የዚህ ሥራ ዋናው ስህተት ነው።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበል። አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ድንገት ሲነሳ ያዞረዋል። ሁለቱም እግሮቹ ወለሉን ይርገጡ፣ ተረከዙ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ።

እናንተ ፊት ለፊቱ ቁሙ። እግራችሁን ከፈት፣ ጉልበታችሁን ሸብረክ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ። የደከመውን ጉልበቱን በጉልበታችሁ ደግፉት፤ ሲቆም እንዳይከዳው።

ወገቡ ላይ ያዙት። ሰፊና ጠንካራ ቀበቶ ብታስሩለት ለእጃችሁ መያዣ ይሆናል። አንገታችሁን እንዲያቅፍ አትፍቀዱ። ብብቱ ሥር ገብታችሁም አታንሱ።

ወደ ፊት ይደገፍ፤ አፍንጫው ከእግር ጣቶቹ በላይ እስኪመጣ። ሰው ከወንበር የሚነሳው ወደ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ፊት ነው። እስቲ አሁን ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ለመነሳት ሞክሩ፤ አይሆንም። እናቴ ወደ ላይ ስትጎትተው ነበር ወገቧን የቀጨችው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በሉና አብራችሁ ተነሱ። በትንንሽ እርምጃ ዙሩ፤ ወገባችሁን አትጠምዝዙ። የወንበሩ ጠርዝ እግሩን ሲነካው ቀስ ብሎ ይቀመጥ።

አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፦ የደከመውን እጅ አትጎትቱ። ትከሻውን የያዙት ጡንቻዎች ስለላሉ አጥንቱ ከቦታው በቀላሉ ይንሸራተታል። ከዚያ የሚመጣው ሕመም ለወራት እንቅልፍ ይነሳል፤ ለሁለታችሁም። ሲቀመጥ እጁን ትራስ ላይ አሳርፉለት። ሊጠይቅ የመጣ ሰው «ና እስቲ ተነስ» ብሎ እጁን ሊይዝ ሲል ከመሐል ግቡ። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

መውደቅ ከጀመረ አትታገሉት። አስጠግታችሁ በእግራችሁ ላይ እያንሸራተታችሁ ወለል ላይ አሳርፉት። ከወደቀ በኋላ ቶሎ አፋፍሶ ማንሳት የሁላችንም ደመ ነፍስ ነው። ተቆጣጠሩት። መጀመሪያ ያመመው ቦታ እንዳለ እዩ። ጭንቅላቱን ከተመታና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ፣ ደህና ቢመስልም ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አልጋ ላይ ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርንና ከመቀመጫው በላይ ያለውን አጥንት በየቀኑ እዩ። በጣት ስትጫኑት ቀለሙ የማይለወጥ፣ የሞቀ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካገኛችሁ ማስጠንቀቂያ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳስሱት። ግፊት የሚቀንስ ፍራሽ ካገኛችሁ ደግሞ ማታ ማታ የማገላበጫውን ሰዓት ማራዘም ይቻል እንደሆነ ነርስ ጠይቁ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ለአስታማሚው የአራት ሰዓት እንቅልፍ ልታመጣ ትችላለች።

3. ማብላት

ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ትንሽ ትንሽ ጉርሻ፤ ያኛው ሳይዋጥ ሌላው አይከተል። ምግብ በደከመው ጉንጩ በኩል ተጠራቅሞ ይቀራል፤ ሲጨርስ አፉን እዩለት። ከበላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አታስተኙት። እየበላ የሚያስለው፣ ትን የሚለው ወይም ድምፁ ውሃ የያዘ ያህል የሚንኮሮኮር ከሆነ አቁሙና ለሐኪም ንገሩ። ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሳንባ ምች ያመጣል።

የሳህኑን ግማሽ ብቻ በልቶ «ጨረስኩ» ካለ፣ ጠግቦ ላይሆን ይችላል። የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ አንዳንድ ሰው በግራው በኩል ያለውን ዓለም ይረሳዋል። ሳህኑን አዙሩለት፤ የቀረውን ይበላዋል። ይሄን ሳናውቅ ስንት ቀን «ምግብ አስጠላው» እያልን ተጨነቅን!

4. ሦስት ቀን ጻፉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። አንድ ደብተር ውሰዱና ለሦስት ቀን የምትሠሩትን በሙሉ ጻፉ። ሰዓቱን፣ ሥራውን፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ። ትንሹንም አትዝለሉ። «ትራሱን አስተካከልኩ» ሥራ ነው። «የት ሄድሽ ሲለኝ ተመልሼ መጣሁ» ሥራ ነው።

እናቴ መጀመሪያ «ምኑ ይጻፋል?» አለች። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ሁለት ገጽ ሞላ። ወንድሜ አንብቦት ዝም አለ። ከዚያ በፊት «እማ እኮ ቤት ውስጥ ነው የምትውለው» ሲል ነበር። በቃል ብንነግረው አይገባውም ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ እያንዳንዱ ሥራ ላይ ምልክት አድርጉ፦ እኔ ብቻ የምሠራው፣ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችል፣ ጭራሽ መሠራት የሌለበት። የመጀመሪያው ዓይነት ከምታስቡት በጣም ያንሳል። የመጨረሻው ደግሞ ያስገርማችኋል። እናቴ አባቴን ፂሙን ትላጨው ነበር፤ በደህና እጁ ራሱ መላጨት እየቻለ። ሃያ ደቂቃ ስለሚፈጅበትና እዚህም እዚያም ስለሚተው እሷ ትቀድመዋለች። ሃያ ደቂቃው ግን ለእሱ ሕክምና ነው፤ ለእሷ ደግሞ ዕረፍት። አሁን እየተዘባረቀም ቢሆን ራሱ ይላጫል።

ስለ እንቅስቃሴው ሕክምናም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ አስታማሚ በዚህ በኩል ጥፋተኝነት ይበላዋል። «ዛሬ እጁን ሳላሠራው ዋልኩ» ብሎ የማይተኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ በሕንድ 14 ሆስፒታሎች 1250 ታማሚዎች ላይ፣ ቤተሰቡ ሠልጥኖ ቤት ውስጥ እንዲያሠራቸው ተደረገ። ከ6 ወር በኋላ በሞትም ሆነ የሰው እርዳታ ጥገኛ በመሆን ከሌሎቹ ልዩነት አልታየባቸውም። ታዲያ እንቅስቃሴውን ተዉት ማለቴ አይደለም። የተሰጣችሁን ሥሩ፤ መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ ይረዳል። ፊዚዮቴራፒስት የማግኘት ዕድል ካለ ግን ለእሱ ተዉለት። እጁ ባይመለስ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አብዛኛው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ «ምን አጎደልኩ?» አትበሉ።

5. ሥራውን በስም አከፋፍሉ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ችግሩ ሎሚው ራሱ ተነስቶ ሰው እጅ ላይ አይሄድም።

«ካስፈለገሽ ደውይ» የሚል ሰው ሞልቷል። ቅን ናቸው፤ ግን እንደዚያ ተብሎ የደወለ አስታማሚ አላየሁም። ስለዚህ በዚያችው ደቂቃ መልሱ አፋችሁ ላይ ይሁን፦ «ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት አጠገቡ ቁጭ በልልኝ።» ቀን፣ ሰዓት፣ ሥራ። ሰው እንዲህ ሲባል ወይ እሺ ይላል ወይ አይመቸኝም ይላል። ሁለቱም «አይዞሽ» ከሚለው ይሻላል።

ቤተሰቡን ሰብስቡና ደብተሩን መሐል ላይ አስቀምጡ። ማን ምን ያህል እንደሚወደው አትከራከሩ፤ ከተጀመረ ማብቂያ የለውም። ዝርዝሩን ብቻ አንብቡ። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ስም ይጻፍ።

ራቅ ብሎ የሚኖረውም አያመልጥም። መድኃኒት እንዳያልቅ መከታተል፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ወጪ መመዝገብ፣ ገንዘብ መላክ በርቀት ይሠራል። ወንድሜ የደረሰው ሁልጊዜ ማታ ከአባቴ ጋር በቪዲዮ ማውራት ነው። ወሬውን የሚያወራው ወንድሜ ነው፤ አባቴ ያዳምጣል። እናቴ በዚያች ግማሽ ሰዓት ገላዋን ትታጠባለች። ቀላል ይመስላል፤ ለወራት ግን በሩን ዘግታ ታጥባ አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ መጥቶ ክፍሉን እያየ «ለምን እንዲህ አይደረግም?» የሚል ዘመድ ደግሞ አይጠፋም። አትጨቃጨቁ። አንድ ሌሊት አብሮት እንዲያድር ጋብዙት።

ልጆችም ይርዱ፤ ውሃ ማቀበል፣ ማንበብ፣ አብሮ መጫወት። የአዋቂን ገላ ማጠብና ሌሊት መነሳት ግን የልጅ ሥራ አይደለም።

6. ልብ የሚሰብረው ነገር ከየት እንደመጣ እወቁ

የጉልበቱን ሥራ ይለምዱታል። የማይለመደው ሰውየው ሲቀየር ነው። ዝምተኛው ይሳደባል። ሳቂታው ግድግዳ እያየ ይውላል። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚያለቅስ አለ።

ይሄኛው ለቅሶ (አንዳንዴም ሳቅ) ከሐዘን ጋር ላይገናኝ ይችላል። ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ፣ ለቅሶ እንደ ማስነጠስ ድንገት ይመጣል። «ምን አስከፋህ?» እያላችሁ አትመርምሩት። ወሬ ቀይሩ፤ ያልፋል። ለሳምንታት ምንም የማያስደስተው፣ የማይበላ፣ «ምን ልሠራ ቀረሁ» የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ድብርት ይይዛቸዋል። ሕክምና አለው፤ ለሐኪሙ ንገሩ።

አባቴ ንግግሩ ተያዘ። ስሜን ሊጠራ ሲል «ወንበር» ይላል። ከአንድ እስከ አሥር ግን ሳይሳሳት ይቆጥራል። ስድብም እንደዚሁ ጥርት ብሎ ይወጣል! መጀመሪያ ላይ እናቴ በጣም ተሰማት። «እኔን መስደብ አልጠፋበትም» አለች። በኋላ የንግግር ባለሙያ አስረዳችን። መቁጠር፣ የለመዱት ዘፈን፣ ጸሎት፣ ስድብ ሳይታሰቡ ከአፍ የሚወጡ ናቸው። አስበን የምንናገረው ሲበላሽ እነሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ስድቡ የመጣው ሌላ ቃል ስላጣ ነው። እንዲህ ካለው ሰው ጋር አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙ። አዎ ወይም አይ የሚባልበት ጥያቄ ጠይቁ። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ቃሉን አትንጠቁት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ድምፃችሁን አትጨምሩ፤ ጆሮው ደህና ነው።

እንግዳ ሲመጣ ጨዋ፣ እንግዳ ሲወጣ ቁጡ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲቆጣጠር የደከመ አንጎል የሚለቅቀው በሚያምነው ሰው ላይ ነው። ይሄን ማወቅ ስድቡን አያጣፍጠውም፤ ግን ትንሽ ያርቀዋል።

ንዴት ሲመጣባችሁስ? ይመጣል። አልጋው ላይ ተመቻችቶ ካለ፣ የአልጋው መከላከያ ከፍ ካለ፣ ከክፍሉ ውጡ። አሥር ደቂቃ። ምንም አይሆንም። እጃችሁ ሊሰነዘር ከደረሰ ወይም ከተሰነዘረ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ወይም ለሐኪም ንገሩ። ብቻውን የሚያድር አስታማሚ እዚህ ሊደርስ ይችላል። ዕረፍት የሚያስፈልገው ቀን ነገ አይደለም።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሌላም አለ። አልጋ ላይ ያለው ያገባችሁት ሰው ነው፤ ግን አይደለም። ያልሞተ ሰው ይናፍቃል። ይሄ ሐዘን ለቀስተኛ ስለሌለው ለብቻ ይዋጣል። ለአንድ ሰው በቃል ንገሩት፤ «አንተ ባለህበት ናፈቅከኝ» ማለት ክህደት አይደለም። ስለ መኝታም ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ። ስትሮክ መታው ማለት ያ በር ለዘለዓለም ተዘጋ ማለት አይደለም።

7. ሌሊቱን አስተካክሉ

ቀን የደከመ ሰው ይቋቋማል። ሌሊት ያልተኛ ሰው ግን መድኃኒት ያሳስታል፣ ይወድቃል፣ ኮሪደር ላይ አንሶላ ታቅፎ ይቆማል።

ፈሳሹን ጠዋትና ከሰዓት አብዙለት፣ ወደ ማታ ቀንሱ፤ የቀኑ መጠን ግን አይጉደል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ካለው ጠዋት ብቻ መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይሂድ። የአልጋ ፖፖ ወይም የሽንት ጠርሙስ በደህና እጁ በኩል ይቀመጥ። የሚጫነው ደወል ስጡት፤ ጆሮ አቁሞ መተኛት እንቅልፍ አይባልም። መሬት ላይ የሚያደናቅፍ ምንጣፍና ሽቦ አንሱ፤ ትንሽ መብራት ይብራ።

ከዚያ ፈረቃ። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ይደርበት፤ እናንተ ሌላ ክፍል በር ዘግታችሁ ተኙ። ሰው ከሌለ ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት። ያልተቆራረጠ አጭር እንቅልፍ ከተቆራረጠ ረጅም እንቅልፍ ሊሻል ይችላል።

8. ራሳችሁን ለኩ

የአስታማሚን ጫና የሚለካ የታወቀ መጠይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ፣ 13 ጥያቄዎች ያሉት ነው። ሰባትና ከዚያ በላይ «አዎ» ከሆነ ጫናው ከፍተኛ ነው ይላል። እንቅልፍ ይቆራረጣል? ጉልበት ይጨርሳል? ገንዘብ ያጨናንቃል? የቤተሰብ ፕሮግራም ተናግቷል? የታማሚው ጠባይ መለወጥ ያሳዝናል? ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ክሊኒክ ስትሄዱ ጠይቁ።

እስከዚያ ግን እነዚህን በየወሩ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። የራሴን መድኃኒት ሳልወስድ የቀረሁበት ቀን አለ? ለመጨረሻ ጊዜ የደም ግፊቴን የተለካሁት መቼ ነው? (የእሱን በቀን ሁለቴ የምትለካው እናቴ የራሷን ለአንድ ዓመት አላየችውም።) ካለ ምክንያት እያለቀስኩ ነው? ጓደኛ ሲደውል ስልኩን ማንሳት አስጠላኝ? ለሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛው ቀን ልባችሁ ከደበተ፣ ወይም ድሮ ደስ የሚላችሁ ነገር ጣዕም ካጣ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለእሱ ስትሄዱ በዚያው አትጠይቁ። በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ካርድ ሂዱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

«ምነው በሞተልኝ» የሚል ሐሳብ ሽው ካለባችሁ አትደንግጡ፤ የደከመ ሰው ሐሳብ ነው። «ምነው በሞትኩ» ወይም «ሁለታችንም ብንገላገል» የሚለው ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሕክምና ቦታ ሂዱ። ብቻችሁን አትሁኑ።

9. አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ

«ደግሞ ይመታው ይሆን?» የሚለው ፍርሃት አስታማሚን ያለ ዕረፍት ዘብ ያስቆመዋል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በአሜሪካ በየዓመቱ ከሚደርሱት ስትሮኮች ከአራቱ አንዱ ገደማ ቀድሞ የታመመን ሰው የሚደግም ነው። ስለዚህ ከጭንቅላታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ስቀሉት፦ ፊቱ አዲስ ተጣሟል? እጁ ወይም እግሩ ከወትሮው ይበልጥ ዝሏል? ንግግሩ ድንገት ተለውጧል? አንዱ እንኳ ካለ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ አስፕሪን አትስጡ። ስትሮኩ የመጣው የደም ሥር ተዘግቶ ሳይሆን አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ከሆነ ያባብሰዋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የአንጎል ሲቲ ስካን ነው። ከወረቀቱ ሥር ስልክ ቁጥሮችና የመድኃኒቶቹ ዝርዝር ይሁን። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ማንም ሰው ያውቀዋል። እናንተም መውጣት ትችላላችሁ።

10. ውጡ

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ የታወቀ ሰዓት። ዕቃ ለመግዛት አይደለም፤ እሱ ሥራ ነው። ከበሽታ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር። መጀመሪያ ላይ አያስደስትም፤ እግር ይወጣል፣ ልብ ቤት ይቀራል። ቢሆንም አትሰርዙት። የሚተካችሁ ሰውም ሥራውን የሚለምደው እናንተ ስትወጡ ነው። ዳይፐሩን አጣሞ ያስረዋል፣ ሻሂውን ያቀዘቅዘዋል። ይሁን። ተመልሳችሁ አታርሙት።

እናቴ የመጀመሪያው ሐሙስ ከበሩ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። በሁለተኛው ጓደኛዋ ቤት ደርሳ ስድስት ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው ሳምንት ስልኳን ቤት ረስታ ሄደች። ሲጠራ ያገኘሁት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የምትደውለው በጓደኛዋ ስልክ እሷው ነበረች። «ትንሽ ልቆይ ነው» አለችኝ።